የጾም ድስት

መሰረት ከሆሳዕና ከተማ ጆሃንስበርግ ከመጣች ወዲህ በአንድ ነገር ጎብዛለች፤ ከግድግዳ ጋር በማውራት። ባሏ አቢሶ ጻካኔ በምትባል የከተማ ዳር ሰፈር ውስጥ ስፓዛ አለው፤ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ዳቦና ሳሙና የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ። ሱቁን ለሌባ ጥዬ አልሄድም ብሎ የሚያድረውም እዚያው ነው። መሀል ከተማው አጠገብ ሜይፌር ሰፈር ወደሚገኘው ቤቱ የሚመጣው እሑድ እሑድ፣ ለጸሎት ሲሄዱ ብቻ ነው። ሙሽራይቱ በቀረው ቀን በሯን ቆልፋ ትቀመጣለች። ያ ሁሉ ሠርግ የተደገሰው እንግዲህ ለዚህ ነው!

ፎቁ ላይ ከፊት ለፊቷ ባለው በር እማማ የሺሐረግ ይኖራሉ። ልጃቸው ለንግድ ደርባን ከወረደ ቆይቷል። ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ሲወጡ መሰረት በበሩ ቀዳዳ ታያቸዋለች። እሷ ጴንጤ ናት። ደረጃው ላይ ሲገናኙ «እንደምን አደርሽ» ብለዋት ያልፋሉ፤ ወዲያው የበራቸው ቁልፍ ቀጭ ሲል ይሰማል። መሰረትም በእምነቴ ነው የሚሸሹኝ ብላ ደምድማለች።

አንድ ቀን ግን አሮጊቷ ደረጃው መሀል ቆመው ሲያስሉ አገኘቻቸውና ዘንቢላቸውን ተቀበለቻቸው።

«እማማ፣ ትኩስ ሾርባ ቢጠጡ እኮ ይሻልዎታል።»

«ሁዳዴ ነው ልጄ፤ ምን ሾርባ አለ?»

«የምስር አለ አይደል? ነገ እሠራልዎታለሁ። አብረን እንበላለን።»

«እስቲ» አሉ እማማ የሺሐረግ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይቺን «እስቲ» እዚያው ደረጃው ላይ ጥሏት ይሄድ ነበር። መሰረት ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም። አብሯት የሚበላ ሰው ልታገኝ ነው።

በማግስቱ ቤቱን ወልውላ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን አስቀመጠች። ሽንኩርት ከትፋ አቁላላች፤ ነጭ ሽንኩርትና እርድ ጨመረች፤ ቀዩን ምስር ክክ ውሃው እስኪጠራ አጥባ ከተተችው። ምስሩ ሟሙቶ መንተክተክ ሲጀምር እጇ ማንም ሳያዘው ወደ መደርደሪያው ሄደ፤ እናቷ የላከችላትን ንጥር ቅቤ በማንኪያ ሙሉ ዝቆ ድስቱ ውስጥ ጨመረ። እነሱ ቤት ለሚከበር እንግዳ ቅቤ ያልነካው ነገር አይቀርብም፤ እጇ ያደገው በዚህ ነው። ሽታው አፍንጫዋን ሲመታት ክው አለች።

ያን ጊዜ ስልኩ ጠራ።

«አቢሶ፣ ጉድ ሆኛለሁ! የእማማ የሺሐረግ ሾርባ ውስጥ…»

«ሳውቦና ማማ! ዳቦ ሁለት?» አለ አቢሶ ደንበኛውን በዙሉኛ ሰላም ብሎ። «መሲ፣ ወረፋ አለብኝ፤ መልሼ እደውላለሁ።»

እንደማይደውል ታውቃለች። ቅቤ የገባበትን ሾርባ ወደ ጎድጓዳ ሳህን ገለበጠችው። ያላትን አንድ ድስት በፈላ ውሃና በሳሙና ደጋግማ ፈትጋ፣ እንደገና በዘይት ሀ ብላ ጀመረች።

ሾርባው ሲደርስ ድስቱን እንደያዘች ልትጠራቸው ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኳች። እማማ የሺሐረግ ከፍተው ጎንበስ ብለው አሸተቱት።

«ድስቱ የጾም ነው ልጄ?»

አዎ ማለት ይቻል ነበር። ማን ያያል? ብዙዎቻችን አዎ እንል ነበር።

«አይደለም እማማ። ቅቤ ነክቶት አጥቤው ነው። ሌላ ድስት የለኝም።»

አሮጊቷ ድስቱን አዩ፤ እሷንም አዩ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉና በሩን ዘጉት። ቁልፉ ቀጭ አለ።

መሰረት ድስቱን እንደያዘች ቤቷ ገብታ ከሁለቱ ሳህኖች አንዱን አነሳች። ለአንድ ሰው ሁለት ዓይነት ሾርባ! ሊያስቃት ሲገባ አስለቀሳት። ብቸኝነት እንደዚያን ቀን ከብዷት አያውቅም። እናቷን ጮክ ብላ ተጣራች፤ ያው የሰማት ግድግዳው ነው።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። እማማ የሺሐረግ ናቸው፤ ጎኗ የተጨረመተ ትንሽ ድስት በብብታቸው ሸጉጠዋል።

«ድስቴን ስፈልግ ቆየሁብሽ» አሉ፤ እያሳሉ ገብተው ወንበር ሳቡ። «በዚች ሥሪልኝ። ማማሰያውንም አምጥቻለሁ።»

«እኔ እኮ በእምነቴ የሚሸሹኝ ይመስለኝ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ሙሽራ የአሮጊት ወሬ ይሰለቻታል ብዬ ነው። በይ አሁን ሽንኩርቱን ክተፊ፤ ርቦኛል።»

ሦስተኛው ሾርባ ጨው በዝቶበት ነበር። በወሬ መሀል ሁለቴ ጨምራበት ነበርና ምን ታድርግ። እማማ የሺሐረግ ጠብታ ሳያስቀሩ ጠጡት፤ ስለ ልጃቸው አወሩ፤ ስለ እናቷም ጠየቋት። ሊሄዱ ሲነሡ መሰረት የእማማን ትንሽ ድስት አጥባና አድርቃ እስከ በሩ ተከተለቻቸው።

«ወዴት ይዘሻት ትመጫለሽ?» አሉ ዞር ብለው። «እዚሁ ትቀመጥ። ነገም እኮ ጾም ነው።»

መሰረት የቅቤውን ዕቃ ከመደርደሪያው አውርዳ ትንሿን የጾም ድስት በቦታው አስቀመጠች።