በእኔ ክንድ የተለካው ሰደፍ

ባለፈው ጥር ደባርቅ ውስጥ በርጩማ ላሠራ አንድ አናጺ ቤት ገባሁ። ሰውዬው የኑግ ዘይት ከሰም ጋር አሙቆ እንጨት ያሻል። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ ቀኝ ክንዴ ሳላዘው ታጠፈ። «አመመዎት እንዴ?» አለኝ። ከአርባ ዓመት በፊት ክንዴን የለኩ ሽማግሌ ትዝ ብለውኝ ነው ብል ማን ያምነኛል። ክንዴን መልሼ ዘረጋሁ።

ሽማግሌው አያ ፈንቴ ይባሉ ነበር፤ የዳባት ጠመንጃ ሠሪ። ከገበያው ጀርባ ባለች ቆርቆሮ ቤታቸው ግድግዳ ላይ የመሠረተ ትምህርት ፖስተር ተለጥፎ፣ ከሥሩ ብዙ ክር በምስማር ተንጠልጥሏል። እያንዳንዱ ክር የአንድ ሰው ክንድ ነው። ከክርን መታጠፊያ እስከ ሌባ ጣት ይለኩና ቋጠሮ ያበጁበታል፤ የጠመንጃው ሰደፍ የሚቆረጠው በዚያ ልክ ነው። «ትከሻ የማያውቀው ጠመንጃ ባለቤቱን ያሳፍራል» ይሉ ነበር። ፖስተሩን ማንበብ አይችሉም፤ የትኛው ክር የማን እንደሆነ ግን ተሳስተው አያውቁም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

አባቴ እሳቸው ዘንድ የሄደው ጠመንጃ አንግቶ ሊንጎራደድ አልነበረም። በመሬት ክፍፍሉ ጊዜ በተነሣ የድንበር ጠብ ወንድሙ ተገድሎበት፣ ገዳዩ ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ወርዷል። ለመስቀል ይመለሳል የሚል ወሬ ሲመጣ አባቴ ደሙን ሊመልስ ቆረጠ። ሽማግሌ ተልኮበት አባረረ፤ እናቴ አልቅሳ ለምናው እንቢ አለ። ወንድ ልጅ አልነበረውም። ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። በቅሎዋን እንድጠብቅ ይዞኝ ሄደ።

አያ ፈንቴ ቁርበት አንጥፈው ሦስት አፈሙዝ ደረደሩ። አንዱን ወደ ፀሐይ አንሥተው በቀዳዳው አዩና «ጉሮሮውን ዝገት በልቶታል» ብለው ገፉት። ሁለተኛው ስስ ነው፣ ቶሎ ይግላል ተባለ። ሦስተኛው አባቴ ይዞት ከመጣው ከአያቴ ምንሽር የተፈታ ነበር፤ እሱን በጨርቅ ጠቀለሉት። ምላጩን ከተሰበረ የውጅግራ ጠመንጃ መረጡ። ለሰደፉ ወይራ ይከብዳል፣ ጽድ ይሰነጠቃል ብለው ሁለት ክረምት የደረቀ ዋንዛ አወጡ። አባቴ ጥሎሽ እንደሚያይ የሙሽራ ዘመድ ሁሉንም እየዳሰሰ «ይሁን» ይላል። አንድ ሰው ለመግደል ይህ ሁሉ ምርጫ ለምን እንዳስፈለገ ግራ ገብቶኝ ቆሜያለሁ።

ከዚያ የአባቴን ክንድ ለኩ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩና «ነይ እስቲ አንችም» አሉ። ክሩ ኮረኮረኝ። አባቴ የሽማግሌ ጨዋታ መስሎት ሣቀ።

ጳጉሜ ላይ ልንወስደው ተመለስን። ዋንዛው በኑግ ዘይት ታሽቶ ያብረቀርቃል። አባቴ ትከሻው ላይ ቢያደርገው አጠረው። ፊቱ ጠቆረ።

«አያ ፈንቴ፣ ምን አረጉኝ?»

«ክሩ ተምታታብኝ መሰለኝ። ዓይኔም ደክሟል። እስቲ ለልጅቱ ስጣት።»

ተቀብዬ ደገፍሁት። ልክክ አለልኝ። ጉንጬ እንጨቱ ላይ ዐረፈ፣ ጣቴ ምላጩ ጋ ደረሰ። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለኝ።

አያ ፈንቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አባቴን ጠየቁት። «አንተ ገለህ፣ እነሱ ደሞ አንተን ሲገሉህ፣ ያንተን ደም የሚመልስ ሌላ ልጅ አለህ?»

አባቴ ዞሮ አየኝ። ጠመንጃውን ከትከሻዬ ነጥቆ አፈሙዙን ወደ መሬት አዞረው፤ ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም።

በመስቀል ማግሥት ገዳዩ በቄስ ታጅቦ፣ በጫንቃው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊለምን ደጃችን ተደፋ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አወረደለት።

የአያ ፈንቴ ስም ግን ጠፋ። «ፈንቴ ክር ይምታታበታል» ተባለና ደንበኛው ሁሉ ሸሸ። በገበያ ሲቀለድባቸው «እርጅና ነው» ከማለት በቀር አላስተባበሉም። እናቴ ሆን ብለው ነው ትል ነበር። አባቴ ደግሞ ተሳስተው ነው፣ ብልሃቱ የመጣላቸው ኋላ ነው ይል ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ግራ እንደተጋባሁ አለሁ። ሆን ብለው ከሆነ፣ አባቴ በዚያው አጭር ጠመንጃ ሄዶ ቢተኩስስ ኖሮ? ተሳስተው ከሆነ ደግሞ መጀመሪያውኑ የእኔን ክንድ ለምን ለኩ?

አባቴ ሲሞት ጠመንጃው ለእኔ ደረሰ። አሁን ለእኔም አጥሮኛል። ከአናጺው ቤት እንደተመለስሁ ከሣጥን አውጥቼ ሳሸተው፣ ዘንድሮ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሞላት የመጨረሻ ልጄ ከእጄ ወስዳ ትከሻዋ ላይ አደረገችው። ልክክ አለላት።

«እማዬ፣ ለኔ የተሠራ ነው እንዴ?» አለችኝ፣ ደስ ብሏት።

እንደ አባቴ ከትከሻዋ ነጥቄ አፈሙዙን ወደ መሬት አዞርሁት።