ዘንድሮ የተሻሻለው ጽጌረዳ

«አዲስ ቅመራ» ይላል የሽቶው ካርቶን። የቀመረውን እጁን ቁርጥማት ይያዘው!

እናቴ የምትኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ሟቹ አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ከአሰብ በተመለሰ ቁጥር አንድ የጽጌረዳ ሽቶ ያመጣላት ነበር። እሷን ሲቀባ ራሱንም አይረሳም። ስለዚህ በየዓመቱ ለእሱ ዱአ ስናስደርግ፣ እናቴ ክንዴን ይዛ እየዞረች በእንግዳው ሁሉ መዳፍ ላይ ያንን ሽቶ ጠብ ታደርጋለች። መጨረሻ ላይ የራሷን መዳፍ አሽትታ «መጣ አባትሽ» ትለኛለች። ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ይህቺን ብቻ ነው።

ዘንድሮ ጠርሙሱ ተሟጠጠ። ደሴን ዞሬ ባጣው ኮምቦልቻ ወረድኩ፤ አንድ ሽቶ ቤት ውስጥ ያንኑ ስም፣ ያንኑ ጠርሙስ አገኘሁ። ሻጩ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ጎረምሳ ነው። እስቲ ላሽትተው ስለው «እህቴ፣ ከተከፈተ የኔ አይደለም» አለኝ። ደግሞ ያስረዳኛል! የድሮው ከባድ ነበር፣ የባልቴት ሽታ ነው፣ አሁን ተሻሽሏል ይለኛል። ወይ ጉድ! እሱ ሳይወለድ ስንቱን ቤት ያወደ ሽቶ ነው።

ሚኒባሱ ወደ ደሴ ሲወጣ ከፈትኩት። አላህ ያሳያችሁ፣ የልጆች ማስቲካ ከወለል ሳሙና ጋር! አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት መስኮቱን ከፈቱ። ጽጌረዳውን ሙልጭ አድርገው አውጥተው ስሙን ትተውልናል፤ ማሻሻል የሚሉት ይህንን ነው። እኔም ጅሏ፣ ገላ ላይ ሲያርፍ ይመለስ ይሆናል ብዬ ይዤው ገባሁ።

በማግስቱ ዱአው ደመቀ። እናቴ እንደ ልማዷ ክንዴን ይዛ ዞረች፤ እንግዶቹ ፊታቸውን እያበሱ «አሚን» አሉ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ማንም ስለ ሽታው አላነሳም። በመጨረሻ የራሷን መዳፍ አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ሌላኛውን መዳፏን አሸተተች።

«እማ፣ አዲሱ ነው፣ ተሻሽሏል» አልኳት። የዚያ ጎረምሳ ቃል ከአፌ ሲወጣ አፌን ጠላሁት።

መዳፏን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

«ዘንድሮ አባትሽ አልመጣም» አለችኝ። «በይ፣ ለእንግዶቹ ምሳ አቅርቢላቸው።»