ሁለት ጣሳ ጠበል

ዘመኑ 2015 ነው፤ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነበር። ባለቤቴ የሐሞት ጠጠር ይዟት፣ የበላችው ሁሉ እያመማት ከርማ በመጨረሻ ኦፕራሲዮን ትሁን ተባለ።

ሐኪሞቹ ሁለት ነበሩ። ዋናው እየሄደ የሚያወራ ሰው ነው። ወረቀቷን አየት አድርጎ፣ «እማማ፣ አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም» አላት። ወደድኩት። አርባ ዓመት ግንበኛ ነበርኩ፤ ድንጋይ አንስቶ የሚያመነታ ግንበኛ አልወድም። ሁለተኛዋ ወጣት ሴት ናት። ድምፅዋ አይሰማም፤ የጠየቀችውን መልሳ ትጠይቃለች። ይቺ ገና ተማሪ ናት፣ እናትሽን እንዳትነካ ንገሪልኝ አልኳት ልጄን። ልጄ አፈረችብኝ።

ለቀኑ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ ታዘናል። እኔ ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ ከእንጦጦ ጠበል ቀድቼ ወረድኩ። ከቤት ልንወጣ ስንል ሁለት ጣሳ ሙሉ ጠጣች። ጠበል በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው፤ እንደ ምግብ የሚቆጥረው ሰው በሰፈራችን የለም። ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ይዘን ሆስፒታል ገባን። የመጀመሪያዋ ተረኛ ስለነበረች ወዲያው ልብስ አስቀይረው ባለጎማ አልጋ ላይ አስተኟት።

ዋናው ሐኪም መጣ። ጾመዋል አይደል ብሎ ጠየቀና መልሱ ሳይደርሰው አለፈ። እሷም ለጀርባው አዎ አለች። አልጋውን መግፋት ጀመሩ።

የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ወጣቷ ሐኪም የአልጋውን ብረት ያዘች።

«እማማ፣ ዛሬ ጠዋት ከንፈርዎን ያረጠበ ነገር አለ?»

ባለቤቴ እኔን አየችኝ። እኔ ተናደድኩ። ጠበል ነው እንጂ ምን ቀመሰች አልኩ። ስንት አለችኝ። ሁለት ጣሳ አልኳት። ፊቷ ተለወጠ።

ዋናው ተመልሶ መጣ። ውኃ ነው፣ ስንት ሰው ተራ ይጠብቀኛል አለ። ልጅቱ ድምፅዋን አልጨመረችም።

«ዶክተር፣ እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ ወደ ላይ ቢመለስ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል። ከሰዓት ትግባ።»

እሱም፣ ከእኔ የበለጠ ዓመት ሠርተሻል ወይ ብሎ አፌዘባት። እጇን ከብረቱ ላይ አላነሳችም። ባለቤቴ ጣሪያውን እያየች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ላይ ናት። ያን ጊዜ ገባኝ። ልገድላት ነበር የመጣሁት።

«ትቆይ» አልኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አባባ፣ ስጠይቅ አፋችሁን ማን ያዘው?» አለኝ ሰውየው።

«መልሱን መች ጠበቅክ፣ ልጄ?»

ሰዓቱን አይቶ ሌላ ታማሚ እንዲያስገቡ አዘዘ።

ከሰዓት ኦፕራሲዮኑን የሠራው እሱ ራሱ ነው፤ ልጅቱም አብራው ገባች። እንዳለውም አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። እጁን አልክድም። ግን እሷ ባታስቆመው ያ እጅ ምን ይሠራልኝ ነበር? ስትወጣ ላመሰግናት ብዬ አፌ አልታዘዝ አለኝና ተማሪ ነሽ ወይ አልኳት። «አዎ አባባ፣ እየተማርኩ ነው» ብላኝ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ሳይከፈት የሆስፒታሉ ደጅ ቆምኩ። ጀሪካንና ፕላስቲክ ጠርሙስ የያዘውን ሁሉ፣ ታማሚህ ዛሬ ኦፕራሲዮን አለው ወይ፣ ከዚህስ ጠጥቷል ወይ እያልኩ ጠየቅኩ። አንዱ ሽማግሌ፣ ጥበቃ ነህ እንዴ አለኝ። አይደለሁም፣ ግን ሳትመልስልኝ አታልፍም አልኩት።