«ምን የሆነ ሰው?»

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት... የቆቦ ሙቀት ልብ በሚያጠፋበት ሰዓት፣ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነቅቼም ተኝቼም አልነበረም። ከዋጃ በኩል የሚመጡት መኪኖች ድምፅ ከውሃ ሥር የሚሰማ ይመስል ነበር።

ነርስ ነኝ። ከአዲስ አበባ እዚህ ከተመደብኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። የተከራየሁት እማማ ከድጃ ግቢ ነው። ልጃቸው ሰይድ በበረሃ አድርጎ ሳዑዲ ሊገባ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ስለ እሱ ብዙም አያወሩም... እኔም አልጠይቅም።

በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው አቧራ የለበሰ ከሲታ ወጣት ቆሟል። ቤታችን ከተማው ዳር ስለሆነ ከኋላው የማሽላው ሜዳ በሙቀቱ ይርገበገባል፤ ልጁም አብሮ የሚርገበገብ መሰለኝ። እማማ ከድጃ መኖራቸውን በቀስታ ጠየቀኝ።

ወደ ጓዳ ዞሬ «እማማ፣ የሆነ ሰው ይፈልግዎታል» አልኩ።

ድምፃቸው ከጓዳ መጣ።

«ምን የሆነ?»

«አይ፣ ምንም አልሆነም... የሆነ ሰው ነው።»

«እኮ ምን የሆነ ሰው? ቆስሎ ነው? ንገሪኝ ልጄ።»

ያኔ ገባኝ። አዲስ አበባ፣ እኛ ሰፈር፣ ለማናውቀው ሁሉ «የሆነ» እንላለን... የሆነ ልጅ፣ የሆነ ቦታ። እማማ ግን «አንድ ሰው መጥቷል» ነው የሚሉት። «የሆነ» ከተባለ ለእሳቸው ጆሮ ሰውየው አንድ ነገር ደርሶበታል ማለት ነው። ላስረዳ አፌን ስከፍት በባዶ እግራቸው አልፈውኝ ወጡ።

አልጮሁም። ፊቱን ዳሰሱ፣ ከዚያ ትከሻውን፣ ክንዶቹን፣ ጣቶቹን... ጨለማ ውስጥ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው። እሱም እጆቹን ዘርግቶ ሰጣቸው።

«ምንም አልሆንኩም፣ እማ» አለ ሰይድ።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። እጁን ግን አልለቀቁም።

መንገድ ላይ ተይዞ ታስሮ እንደነበር፣ የሚደውልበት ስልክም እንዳልነበረው እየቆራረጠ ነገረን። ምግቡን ሳይጨርስ እንቅልፍ ጣለው። እማማ አጠገቡ ተቀምጠው በሻሻቸው ጫፍ ዝንብ ይከለክሉለት ጀመር። ወሬው ደርሶት የሚመጣውን ጎረቤት ሁሉ፣ በእጃቸው ቀስ በል እያሉ ያስቀምጡታል።

ሲመሻሽ ግቢው በሰው ሞላ... እንዲህ በሹክሹክታ የተደረገ ደስታ አይቼ አላውቅም።