አባቴ የማለበት ሜሞሪ

አባቴ በእኔ አምኖ የማለ ጊዜ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ቀርተውኝ ነበር። ያን ጊዜ ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት ሰመራ ላይ ያገኘሁት አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ወጣት ነው። ላፕቶፔ እንደ ደከመች ግመል አልነሳም ብላኝ ወሰድኩለት። ሜሞሪ ይጨመርላት አለኝና ዋጋ እንኳ ሳይነግረኝ ሆዷን ከፍቶ የድሮውን አወጣ። ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ወደ ብርሃን አስጠግቶ አነበበ። ሥራው ነው፤ ምንም የተለየ ነገር አላደረገም። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። ልጁ አይቶኝ ኖሮ ሙቀቱ ነው እትዬ ብሎ ወንበሬን ወደ ማራገቢያው ሳበልኝ። የሰመራን ሙቀትስ ለምጄዋለሁ።

አባቴ ኢብራሂም ሎጊያ ላይ ጎሚስታ ነበር። ወደ ጅቡቲ የሚወርድም፣ ከጅቡቲ የሚመጣም ከባድ መኪና ጎማው ሲተነፍስ እሱ ደጃፍ ይቆማል። በዚያ አገር ከቀትር በኋላ አስፋልቱ ሲግል ጎማ እንደ ጥይት ይፈነዳል። አባቴ ያገለገለ ጎማም ይሸጥ ነበር፤ ያገለገለ ጎማ ደግሞ እንደ ሐብሐብ ነው፣ ውስጡን ማን ያውቃል? ሾፌሩ የሚገዛው የአባቴን ቃል ነው። “ይሄ አዋሽ ያደርስሃል፣ ከዚያ ወዲያ ግን አላውቅልህም” ካለ በቃ፣ አዋሽ ያደርሳል። መማል አይወድም ነበር። “ወላሂ” ሲል የሰማሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። ያ ቃሉ የተጠረጠረ ቀን እኛም የምንበላው እንደሚጠፋ ቤት ውስጥ ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ልማድ ነበረው። አሮጌውን ጎማ ሳያይ አዲስ አይነካም። ጎንበስ ይልና ጎኑ ላይ ያለውን አቧራ በመዳፉ ጠርጎ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል። ሾፌሩ “አውቀዋለሁ ጋሽ ኢብራሂም፣ አትድከም” ቢለውም ያነባል። እኔ በዚያ ድምፅ ነው ያደግሁት።

የመጀመሪያዋን ኮምፒውተሬንም ያገኘልኝ እሱ ነው። አንድ ሾፌር ከመሥሪያ ቤት የተጣለች ይዞ ቢመጣ በጎማ ለወጣት። ሰመራ ያን ጊዜ ገና ከሜዳው ላይ እየተነሳች ነበር፤ ዛሬ አንድ ቢሮ፣ ነገ ሌላ ቢሮ ይከፈትባታል፤ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው አይጠፋም። አባቴ የቆርቆሮ ቤቱን በመጋረጃ ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ። በዚያ በኩል የጎማ መንፊያው ኮምፕሬሰር ይጮኻል፤ በዚህ በኩል እኔ እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ፣ መልሼ እያስተካከልኩ ራሴን አስተማርኩ። ብቻውን የተማረ ሰው አንድ በሽታ አለበት። የሚያርመው ስለሌለ ሁሉን ያወቀ ይመስለዋል። አባቴም ለሾፌሮቹ ሁሉ “የኔ ልጅ እኮ” እያለ ይባስ አሳበጠኝ።

ማሽኗ ሁለት ገጽ ሳልጽፍባት ትቆም ጀመር። ሜሞሪ እንዳነሳት ገባኝ። የአጎቴ ልጅ ስትዳር ለሠርጉ አዋሽ ሄድኩና እዚያ ሬዲዮና ስልክ ከኮምፒውተር ዕቃ ጋር የሚሸጥ ሱቅ አገኘሁ። ባለሱቁ አበራ የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነው። ማሽንሽ ምን ዓይነት ነው፣ የድሮውን ሜሞሪ ይዘሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የአጎቴ ልጆች ከአጠገቤ ቆመው አፍ አፌን ያያሉ። እንዴት ብዬ አላውቅም እላለሁ? አዲስ የመጣውን፣ ከአዲሱም ትልቁን ስጠኝ አልኩት። ሰጠኝ።

ሎጊያ ደርሼ ስሞክረው አልገባ አለኝ። ገፋሁት። አንዱ ጫፍ ገባ፤ ሌላው ቀና ብሎ ቀረ። ማሽኗን ባበራት ጢጥ አለችና ዝም። የድሮውን መልሼ ሳስገባ ግን ተነሳች። እንግዲህ ጥፋቱ የዕቃው ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰውየው ብልሽት ያለበት ዕቃ እንደሸጠልኝ ለአባቴ ስነግረው ከልቤ አምኜ ነበር። እሱም አንድ ጥያቄ ሳይጨምር፣ አሮጌውንም አብረሽ ያዢ፣ እንሄዳለን አለኝ።

በማግስቱ አባቴ ደጃፉን ዘግቶ ከማል የሚባል ደንበኛው መኪና ላይ ተሳፈርን። ግንቦት ነበር፤ ከሚሌ ወዲህ ያለው እሾህ ሁሉ አመድ መስሏል። ገዋኔ ላይ ሩዝ በፍየል ሥጋ በላን። ከማል ቀልደኛ ስለነበር መንገዱ አልተሰማንም። እኔማ ባለሱቁን በምን ቃል እንደማፋጥጠው እያሰብኩ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ድረስ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር። አባቴ ሰላምታ ሰጥቶ ነገሩን በትሕትና አስረዳ። አበራ ዕቃውን አገላብጦ አየና ጤነኛ ነው፣ ምናልባት ከማሽኗ ጋር አይሄድ ይሆናል፣ አንቺ ዓይነቱን አይተሽ ነበር ወይ አለ። ይህን የጠየቀው እኔን ነው። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት አባቴ መለሰለት።

“የኔ ልጅ ቁጥሩን ሳታነብ ዕቃ አትገዛም። ወላሂ አትገዛም።”

ተከትሎን የገባው ከማል ሳቁን ተወ፤ ያ ቃል ምን እንደሚመዝን ያውቃልና። ያኔ ነው አላነበብኩም ማለት የነበረብኝ። አበራ ምንም ሳይከራከር አሮጌውን ተቀበለኝና ሁለቱን ጎን ለጎን መስታወቱ ላይ አጋደማቸው። አሮጌው ከታች በጥርሶቹ መካከል ሁለት ቦታ ተቆርጧል፤ አዲሱ አንድ ቦታ ብቻ። ለማየት ዓይን እንጂ ትምህርት አይጠይቅም። አባቴ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ የሌለ አቧራ ጠረገ። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ቀና ሲል ወደ እኔ አልዞረም።

ከማል ነገሩን ለማቅለል ብሎ መሰለኝ፣ “በል እንግዲህ ጋሼ፣ የፒክአፕ ጎማ ለተሳቢ ልትገጥም ነበር” አለ። ሰዎቹ ሳቁ።

“ልክ ነህ” አለው አባቴ። ከዚያ ቆቡን አውልቆ ወደ አበራ ዞረ። “ወንድሜ፣ ሳላይ ምዬ ስምህን አጎደፍኩ። አፉ በለኝ።”

አበራ ደንግጦ፣ ኧረ ጋሼ፣ ምንም አይደል እያለ ከባንኮኒው ወጥቶ ትከሻውን ያዘው፤ ዕቃውንም በሚስማማው ለወጠልኝ። ቢሰድበን ይቀለኝ ነበር።

የዚያ መንገድ ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። እኛ ሎጊያ ስንገባ ነገሩ ቀድሞን ገብቷል። በሳምንቱ አንድ ሾፌር ያገለገለ ጎማ ሊገዛ መጥቶ፣ አባቴ ሚሌ ያደርስሃል ሲለው፣ እየሳቀ “ወላሂ በላ” አለው። እንዲያ ብሎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አባቴ አልማለም። ሾፌሩ ጎማውን በእግሩ ነካ አድርጎ ወደ ሌላ ጎሚስታ ሄደ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ በአዲሱ ሜሞሪ እንደ ውኃ በምትፈስ ማሽን ማመልከቻ እጽፍ ነበር።

ዛሬ አባቴ ያኔ በነበረበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። ሜሞሪ ከሜሞሪ አለመለየቴን ለራሴ ይቅር ካልኩት ቆየሁ፤ በዚያ ዕድሜ ማን የማያውቀውን አውቃለሁ ያላለ አለ? ሰው በእኔ አምኖ ሲምል የቆምኩባት ያቺ አፍታ ግን አልፋ አታውቅም። ልጆቼ “እማዬ ታውቃለች” ሲሉ እንኳ ቶሎ ብዬ፣ ቆይ እስቲ ልየው እላለሁ።

ከአዋሽ በተመለስን ማግስት አባቴ ገና ሳይነጋ ከፈጅር ሶላት በፊት ተነስቶ ትንሽ ቀመሰና ጾመ። ረመዳን አልነበረም። እንደ ወትሮዬ በረዶ ያለበት ውኃ ስወስድለት፣ አስቀምጪው ልጄ አለኝና ጎማውን መፍታት ቀጠለ። ነገሩን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ሐሰት ለወጣው መሐላው ከፋራ ነው፣ የሦስት ቀን ጾም ማካካሻ፣ አለችኝ። ሦስት ቀን በግንቦት ፀሐይ ከንፈሩ እየተሰነጠቀ የከባድ መኪና ጎማ ሲያወርድና ሲሰቅል ዋለ። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ በቴምር አፈጠረ፣ ሰገደ፣ እናቴንም ነገ ማለዳ ጎማ የሚያስቀይር ሰው ስላለ ቁርሱን ቀደም አድርጊው አላት።