መቅደም ያስፈራበት ሩጫ

ይህን ስጽፍ አንዳንዱን ዝርዝር ላዛባ እንደምችል አስቀድሜ አምናለሁ። ዓመቱ ሰባ ስድስት ይሁን ሰባ ሰባት አላስታውስም። የዩኒቨርሲቲው የመንፈቅ ዕረፍት እንደነበረና ቀኑም እሑድ እንደነበረ ግን አልጠራጠርም። ነገሩ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው በዚያ ቀን የተናገርኳት አንዲት ዐረፍተ ነገር የጓደኛዬን ሕይወት ስላመሰቃቀለች ነው።

ጓደኛዬ ደረጀ ይባላል። እሪ በከንቱ በአንድ ግቢ ነው ያደግነው። እኔ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ እሱ ማትሪክ ሳይመጣለት ቀርቶ ፒያሳ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሮ ነበር። ግማሽ በቀልድ፣ ግማሽ በአክብሮት «ሊቁ» ይለኝ ነበር። በሩጫ እሱን የሚወዳደር ግን በሰፈሩ አልነበረም።

በዚያ እሑድ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በታች ባለው ሜዳ ባዛርና የቀበሌ ሩጫ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እኔና ደረጀም ለሩጫው ተመዝግበናል። ከከተማው ዙሪያ የተጠሩ የገበሬ ማኅበራት ማራቸውን፣ ቅቤያቸውንና ያጌጡ ፈረሶቻቸውን ይዘው መጥተዋል። ቶምቦላው ይዞራል፤ ቀለበት የሚወረወርበት ጠረጴዛ አለ። ደረጀ ሦስት ጊዜ ወርውሮ አንድ ሳሙና አገኘ። ለሩጫው አሸናፊ የተዘጋጀው ሽልማት ሙክት ነበር፤ እሱም ገና ሳይሮጥ ሥጋውን አከፋፍሎ ጨርሷል። ጭንቅላቱን «አእምሮ ይጨምርልሃል» ብሎ ለእኔ መደበልኝ።

መነሻም መድረሻም በሆነው በዚያው ሜዳ የቀበሌው ሰዎች ቁጥራችንን ደረታችን ላይ ከሰፉልን በኋላ ልብሳችንን በየጆንያው ሰበሰቡ። የነዋሪነት መታወቂያችን በየሱሪያችን ኪስ ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ ያለ መታወቂያ መንገድ ላይ መገኘት ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቃለን፤ ሆኖም በሩጫው ጉጉት ማንም ልብ ያለው አልነበረም።

በጊዮርጊስ በኩል ወጥተን አፍንጮ በር ደረስን። እዚያ ውኃ ይዘው ከቆሙት ሴቶች መካከል አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ጣሳውን ሲያቀብሉኝ ክንዴን ያዙ።

«ልጄ፣ ከፊት ሆነህ እንዳትገባ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ኦራል መኪና ደብቀው አቁመዋል አሉ። ጠንካራውን ለውትድርና ሊመርጡ ነው።»

በዚያ ሰሞን ወጣቶች ከየመንገዱ እየታፈሱ ይወሰዱ ስለነበር ሴትዮዋን ለአፍታም አልተጠራጠርኳቸውም።  ደረጀ ውኃ ሳይጠጣ አልፎ ከግንባር ቀደሞቹ ጋር ነበር። እሱን ለመድረስ የሮጥኩትን ያህል በሕይወቴ ሮጬ አላውቅም። ራስ መኰንን ድልድይ አካባቢ ደረስኩበት።

«ደረጀ፣ ቀስ በል። ቀድሞ የሚገባውን ይወስዱታል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩ። አልነበርኩም።

«ሊቁ ካለማ» ብሎ እርምጃውን ቀነሰ።

ዳገቱን ስንወጣ ወደ ሰፈራችን የሚወርደው ቅያስ እዚያው ከጎናችን ነበር። ገብተን መደበቅ እንችል ነበር፤ መታወቂያችን ግን በጆንያው ውስጥ ነው። የግድ መጨረሻው መስመር ድረስ መሄድ ነበረብን።

ፒያሳ ስንደርስ ወሬው አብዛኛውን ሯጭ አዳርሶ ኖሮ አንዱ ሌላውን «እለፍ እንጂ»፣ «አንተ እለፍ» ይለው ጀመር። አንድ ኬክ ቤት ደጃፍ የቆሙ ጎረምሶች ይህን ሲያዩ፣ ሩጫ ነው ወይስ ቀብር ሸኝታችሁ መመለሳችሁ ነው እያሉ ሳቁብን። እኛ መሳቅ አልቻልንም። የደረጀ ከንፈር ደርቆ ነጥቶ ነበር።

የኦራሉን ድምፅ የሰማነው ከኋላችን ነው። እኒያ እናት ስለ መኪናው የሰሙት እውነት ነበር፤ የሚመጣበትን አቅጣጫ ግን ማንም አልነገራቸውም። ፊተኞቹ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ስለሚገቡ ሊሆን ይችላል፣ አብዮት ጥበቃዎቹ ከኋላ የሚያዘግመውን እያፈሱ ይጭኑ ጀመር። አንድ ሰው ሲጮህ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ትዝታዬ የተቆራረጠ ነው፤ አስፋልቱ፣ የራሴ ትንፋሽ፣ ከኋላዬ የጎማ ድምፅ።

ሜዳው ደርሼ ልብሴን ተቀብዬ ደረጀን ጠበቅኩ። በድምፅ ማጉያው ለአሸናፊዎች ጭብጨባ ይጠየቃል፤ ፈረሶቹ ሕፃናት ጭነው ይዞራሉ። ኦራሉ በሜዳው ዳር ሲያልፍ ቁጥራቸው ከደረታቸው ያልተነቀለ ልጆች ላዩ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው ደረጀ ወደ ሜዳው እያየ ነበር፤ እኔን ግን ያየኝ አይመስለኝም። እጄን ለማንሣት ፈራሁ።

ሱሪውንና ሸሚዙን ለእናቱ ያደረስኩት እኔ ነኝ። እሳቸውም ተቀብለው አጣጠፏቸው።

ደረጀ የተመለሰው መንግሥት ሲለወጥ ነው፤ ግራ እግሩ ዛሬም ያነክሳል። አሁን አፍንጮ በር ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ምሳ እንበላለን። ለረጅም ዓመታት ስለዚያ ቀን አንሥተን አናውቅም ነበር። በራሴ ትዝታ ግን፣ ሁለታችንም ጎን ለጎን ስናዘግም መኪናው ደረሰብን፤ እሱን ያዙት፣ እኔ በአጋጣሚ አመለጥኩ፤ ከመጨረሻዎቹ ጋርም ተጎትቼ ገባሁ። ይህን ለልጆቼም ነግሬያቸዋለሁ።

አምና አንድ ቅዳሜ ይህንኑ በፊቱ ስናገር ደረጀ ሳቀ።

«የምን መጎተት? አንተማ መኪናው ገና ሳይደርስ፣ ድምፁን እንደሰማህ ተፈትልከህ ሄድክ። ሁሉንም አልፈህ ሦስተኛ ነው የገባኸው። እዚያው ኦራሉ ላይ ሆኜ በማጉያው ስምህ ሲጠራ ሰምቻለሁ።»

ተከራከርኩት። የተማርኩ ሰው ነኝና ማስረጃ ጠየቅኩ። እሱ ትከሻውን ነቅንቆ ምሳውን ቀጠለ፤ ቂም የሚባል ነገር ፊቱ ላይ አላየሁም። ያ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። ያን ቀን ከፈራሁት ኦራል ይልቅ ዛሬ የምፈራው የራሴን ጭንቅላት ነው፤ ስንቱን ነገር እንዲህ አስተካክሎልኝ እንደኖረ አላውቅምና።

በቀበሌው የስፖርት ጉዳይ ይሠሩ የነበሩትን ጡረተኛ አፈላልጌ ቤታቸው ሄድኩ። የየውድድሩን ውጤት የጻፉበትን ደብተር አስቀምጠውት ኖሯል። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ፈለጉና በጣታቸው አሳዩኝ። ስሜ ከነአባቴ ስም በሦስተኛው መስመር ላይ ተጽፏል።