የከሰል ብሎኬትና የእናቴ በርጩማ

ባሌ፣ የኔ ሰውዬ፣ ብሎኬት ሠሪ ነው። ሰፈሩ አሁን «ከሰሉ» ይለዋል፤ ታጥቦ ሲወጣ እንኳ ጆሮው ሥር ጥቁር አይጠፋም። ሃያ ዓመት አሸዋና ሲሚንቶ አቡክቶ በሰላም ኖረ። አንድ ቀን ከአንድ የግንባታ ባለሙያ ጋር ሲጫወት ውሎ መጣና፣ «ሰጋቱራ በተዘጋ በርሜል ውስጥ ከስሎ፣ ደቆ፣ ትንሽ ሲሚንቶ ውስጥ ቢገባ ብሎኬቱን ያጠነክራል አሉ» አለኝ። «ትንሽ» የምትለዋን ግን መንገድ ላይ ጥሏት ነበር።

ነገሩ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! እናቴ ግን በኪራይ ቤት ብቻዋን ነበር የምትኖረው። ጉልበቷ ከድቷት ሁለት ጊዜ ደረጃ ላይ ወድቃለች። ግቢያችን ውስጥ አንድ ክፍል ሠርተን ከዝናቡ በፊት እናምጣት አልን፤ እሱም ክፍሉን በዚሁ በከሰል ብሎኬት ካልሠራሁ አለ። እሷ ደግሞ፣ «የማንም ጥገኛ አልሆንም! ደግሞ በከሰል ግድግዳ! ሠላሳ ዓመት ከሰል ስሸጥ ሲፈረፈር እንጂ ሲጠነክር አላየሁም» አለች።

የሱ ፈተና ላቦራቶሪ አያስፈልገውም፤ ብሎኬቱ ላይ ወጥቶ ሁለቴ ይዘላል። የመጀመሪያው ዙር ላይ ሲዘል ብሎኬቱ ፍርክስክስ አለና እሱ በቂጡ ዘፍ! ለካ ከአምስት አካፋ ሲሚንቶ አንዱን ቀንሶ በከሰል ተክቶታል። «ማር ሲበዛ ይመራል፣ አንተ ሰው!» ብዬ ሆዴን እስኪያመኝ ሣቅሁ። በሁለተኛው ዙር ከሰሉን ቀነሰ፤ ግን ባቄላ ባቄላ የሚያህለውን እንዳለ ጨመረው፤ የብሎኬቱ ጠርዝ በጣት ተፈለፈለ። ለሦስተኛው ወቅጦ በወንፊት ነፋ። እርጥበት እንዳይኖረው ብሎም ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አሰጣው፣ እንደ እህል እያገላበጠ! ብሎኬቱ ከቅርጹ ሲወጣ አምሮ ነበር፤ በማግስቱ ተሰነጣጠቀ። ያኔ አልሣቅሁም። ደመናው ወርዷል፣ የእናቴ ክፍል ገና መሠረት ላይ ነው።

«በቃ፣ ተራውን ሥራና ክፍሉን ጨርስልኝ» አልኩት። እልኸኛ አይደል! በማግስቱ ኮቱን ለብሶ፣ የተሰነጠቀ ብሎኬት በፌስታል አንጠልጥሎ ወጣ።

የት እንደሄደ ያወቅሁት ሲመለስ ነው። እናቴ በርጩማዋን ታቅፋ ከሱ ጋር ከታክሲ ወረደች።

«አንተ ልጄ፣ ደረቅ ከሰል እኮ ውኃ ይጠጣል!» አለችው ገና ሳትቀመጥ። «ዝናብ ያገኘው ጆንያ ስንት ኪሎ እንደሚጨምር እኔን ጠይቀኝ። የሲሚንቶውን ውኃ ጠጥቶበት ነው። ቀድሞ እሱ ይርካ፤ ኋላ ቀስ እያለ ይመልስለታል።»

«ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት፣ እማማ» አለ የኔ ጉረኛ፣ እንደ ተማሪ እጁን አጣምሮ።

ከሰሉ ባልዲ ውስጥ ተነክሮ አደረ፣ ጠፈፍ ተደረገ፤ ለሃምሳ እፍኝ ሲሚንቶ አንድ እፍኝ ብቻ ገባ። እናቴ በርጩማዋ ላይ ሆና «አጠጣው! ሸፍነው! ፀሐይ መታው!» እያለች ታዛለች። አልጋ ላነጥፍላት ስል፣ «ብሎኬቱ እስኪጠና ነው የማድረው፣ ልኖር የመጣሁ እንዳይመስልሽ» ትለኛለች። በሃያ ስምንተኛው ቀን ሰውዬው ወጥቶ ዘለለ፤ ብሎኬቱ ንቅንቅ አላለም። እናቴ አላመነችም፣ «ነይ አንቺም ውጪበት» አለችኝ። ሁለታችንንም ቻለን።

ከዚያ ለግድግዳው ቆየች፣ ከዚያ ለጣሪያው። ያቺ እንቢተኛ! ክፍል እንስጥሽ ስንላት ሸሸች፣ ሥራ ስንሰጣት መጣች። ልጇ ሆኜ ይህ ሳይገባኝ መቆየቱ አሳፈረኝ።

«ሦስተኛውን ሆን ብለህ ነው እንዴ ያበላሸኸው?» አልኩት ባሌን።

«ምን ነካሽ!» አለ፤ ዓይኔን ግን አላየም።

ክፍሉ ያለቀ ዕለት እናቴ ግድግዳውን በጣቷ እያንኳኳች ዞረችው። በሩ ጋ ስትደርስ፣ «የዚችኛዋ ብሎኬት ድምጽ አላማረኝም፤ ቀጣዩን ዙር እኔ ሳልቆም እንዳትጀምር» አለችው። ከዚያ የኪራይ ቤቷን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ነገ ለአከራዬ መልስልኝ።»